የቁራሽ አምሳያ፦ የታሰረ መንጋጋ በኮምፒውተር ሲያኝክ

በደቡብ ምዕራብ ካለችው ከቱም ከተማ ሪፈር ተጽፎለት የሄደ ሰው ሲመለስ፣ ጎረቤት ጠባሳውን ከማየቱ በፊት «ብረት ገባለት ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የእግር ከሆነ ብረቱ የስንዝር ያህል ነው። የመንጋጋ ከሆነ ግን ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ አራት ወይም ስድስት ቀዳዳ ያለው ትንሽ የቲታኒየም ቁራጭ ነው፤ ብሎኖቹም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቢወፍሩ ነው። መዳፍ ላይ ሲያስቀምጡት የሰዓት ሠሪ ዕቃ ይመስላል። ሰውየው ግን እሱን ተማምኖ እንጀራ ሊጎርስ ነው።

ይህች ብረት የት ትታሰር? በላይኛው የአጥንት ጠርዝ ወይስ በታችኛው? አንዷ ትበቃለች ወይስ ሁለተኛ ትጨመር? ሐኪሞች በዚህ ጉዳይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ሲከራከሩ ኖረዋል። ዛሬ ከክርክሩ ከፊሉ የሚካሄደው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። መንገዱ በፈረንጅ አፍ «ፋይናይት ኤለመንት ሞዴል» ይባላል፤ እኛም በፊደላችን እንዳለ እየጻፍን እናልፈዋለን። እዚህ ግን «የቁራሽ አምሳያ» ልለው ነው።

የቁራሽ አምሳያ ማለት፣ በአንድ ቀመር የማይገዛ ውስብስብ ቅርጽን በትናንሽ ቁራሾች ከፋፍሎ፣ የእያንዳንዱን ቁራሽ ጠባይ በቀላል ቀመር ጽፎ፣ ቁራሾቹን መልሶ በማጋጠም፣ ሙሉው ነገር ጫና ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር ማስላት ነው።

ለምን «ቁራሽ»? «ኤለመንት» ሲባል የተማረ ሰው አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣው «ንጥረ ነገር» ነው። ለኬሚስትሪ ትክክል ነው። እዚህ «ውሱን ንጥረ ነገር» ብንል ግን አንባቢ የሚያስበው ሊያልቅ የተቃረበ ማዕድን ነው። «ክፍልፋይ» ያምር ነበር፤ የሒሳብ መምህሩ ቀድሞ ወስዶ ግማሽና ሲሶ አደረገው። «ቅንጣት»ን ፊዚክስ ይዞታል፣ «ህዋስ»ን ባዮሎጂ። የቀረን የማዕዱ ቃል ነው። ቁራሽ ከእንጀራ ሲቆረስ የራሱ ቅርጽና መጠን ይኖረዋል፤ ጠርዙ ግን ከአጠገቡ ከነበረው ቁራሽ ጠርዝ ጋር መልሶ ይገጥማል። ስልቱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። «ፋይናይት» ደግሞ ቁራሾቹ የቱንም ያህል ቢበዙ ተቆጥረው ያልቃሉ ለማለት የገባ ነው። ሙሉውን የሚሻ «ውሱን ቁራሽ» ይበል። እኔ ማጠሩን የመረጥኩት፣ ተቆርሶ የማይቆጠር ቁራሽ አይቼ ስለማላውቅ ነው።

«ሞዴል»ም ሌላ ጣጣ አለው። እኛ አገር ሞዴል ገበሬ አለ፣ ሞዴል ፈተና አለ፣ ንብረት ክፍል ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። «አምሳያ» ግን አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፦ ይመስለዋል፣ እሱን ግን አይደለም። ይህ ጥንቃቄ በቃሉ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ መገኘቱ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ሐሳቡ የተወለደው ከሆስፒታል ርቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የሒሳብ ሊቁ ሪቻርድ ኩራንት አንድን ገጽ በሦስት ማዕዘኖች እየከፋፈሉ ማስላት እንደሚቻል ጻፈ። በ1956 የቦይንግ አውሮፕላን መሐንዲሶችና በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ባልደረቦቻቸው የአውሮፕላንን አካል በዚሁ መንገድ ማስላታቸውን አሳተሙ። ከእነሱ አንዱ የበርክሌዩ ሬይ ክላፍ በ1960 ባቀረበው ጽሑፍ ስሙን አወጣለት። ወደ አጥንት የገባው በ1972 ነው፤ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የጭን አጥንትን በቁራሽ ከፋፍለው አሰሉ። ለክንፍ የታሰበ ዘዴ ለጭን ከዋለ፣ ለመንጋጋ መዋሉ የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነበር።

መንጋጋስ ቢሆን ቃሉ ጥርት ያለ መች ሆነና! ሰው «መንጋጋዬን አመመኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የኋላ ጥርሱን ማለቱ ነው። አጥንቱን መለየት ሲያስፈልግ «የታች መንጋጋ» ወይም «መንጋጭላ» እንላለን። ቅርጹ የፈረስ ኮቴ ነው፤ መሐሉ አገጭ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ጆሮ ሥር ባሉ መጋጠሚያዎች ላይ የተንጠለጠሉ። በፊት ላይ ካሉት አጥንቶች የሚንቀሳቀሰው ይህ ብቻ ነው፤ በቶሎ ከሚሰበሩትም አንዱ ነው።

በካፋ፣ በሸካና በቤንች ደን ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው። እንበልና አንድ ማር ቆራጭ ወድቆ አገጩን መሬት መታው። የሚደማው አገጩ ነው። ስብራቱ ግን ጆሮው ሥር፣ ለዚያውም በሁለቱም በኩል ሊሆን ይችላል። ምቱ በኮቴው ቅርጽ ተጉዞ ከመጋጠሚያው ሥር ወዳለው ቀጭን የአጥንቱ አንገት ይሄዳልና። ዱላ በግራ ጉንጭ ያረፈበት ሰውም እንዲሁ ከተመታበት ቦታ ሌላ ቀኝ ማዕዘኑ ተሰንጥቆ ሊገኝ ይችላል። አዋቂ ሐኪም የተመታውን ጎን አይቶ ማዶውን የሚዳብሰው ለዚህ ነው። በቁራሽ አምሳያ ላይ አገጩን ሲመቱት ጫና የበዛበትን ቦታ የሚያሳየው ቀይ ቀለም የሚደምቀው ይኸው የአጥንቱ አንገት ላይ ነው። ሐኪሙ በእጁ ያወቀውን ኮምፒውተሩ በቀለም ያሳየዋል።

እግር ቢሆን ወጌሻው ቀርከሃ ሰንጥቆ ያስረዋል፤ ሐኪም ቤት ቢሄድ ጀሶ ይደረግለታል። መንጋጋን ጀሶ ውስጥ አይከቱትም። ስለዚህ የቆየው ሕክምና የታችና የላይ ጥርሶችን በሽቦ አንድ ላይ አስሮ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አፍን መዝጋት ነው። ሰውየው በጥርሱ ክፍተት አጥሚት፣ ሾርባ፣ በኛ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ የቡና ቅጠል ፍል እየሳበ ይሰነብታል። ይህ መንገድ ዛሬም አልተጣለም። በሥነ ሥርዓት ከተሠራ አጥንቱ ይገጥማል። ብረቱ የመጣው አፍ ተከፍቶ እንዲድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ፈረንሳዊው ሚሽሌ ትናንሽ ብረቶችን በአጭር ብሎን በአጥንቱ ቅርፊት ላይ ብቻ ማሰር እንደሚቻል አሳየ፤ የስትራስቡርጉ ማክሲም ሻምፒ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ብረቱ የሚታሰርባቸውን መስመሮች በመንጋጋው ላይ ነድፎ አስቀመጠ።

የሻምፒ ሐሳብ ሸንኮራ ሰብሮ ለሚያውቅ አይከብድም። አገዳውን ጉልበትዎ ላይ አድርገው ሁለቱን ጫፎች ወደ ራስዎ ሲስቡ፣ ከጉልበትዎ ማዶ ያለው ጎን ይለጠጣል፣ እሱው ቀድሞ ይሰነጠቃል፤ ጉልበትዎን የነካው ጎን ይታመቃል። መንጋጋም በፊት ጥርስ ሲነክስ ምግቡ ፊቱን ወደ ታች ይገፋዋል፣ የማኘኪያ ጡንቻዎች ኋላውን ወደ ላይ ይጎትቱታል። ስለዚህ በጥርስ በኩል ያለው የላይ ጠርዝ ይለጠጣል፣ የታቹ ይታመቃል። የታመቀው ጎን ራሱን በራሱ ይዟል። የሚከፈተው የላዩ ነው። ብረቱን እዚያ ካሰሩት፣ ስስ ብትሆንም ትበቃለች። በመንጋጋ ማዕዘን ላይ አንዲት ብረት በላይኛው ጠርዝ መታሰሯ ከዚህ የመጣ ልማድ ነው። አገጭ አካባቢ ግን መጣመምም ስለሚጨመር ሁለት ይታሰራሉ።

እንዲህ ተብሎ ቢያልቅ ኮምፒውተር ባላስፈለገ። ሰው ግን ሁልጊዜ በፊት ጥርሱ አይነክስም። ስብራቱ አጠገብ ባለው መንጋጋ ጥርስ ቆሎ ቢያደቅ ነገሩ ይገለበጣል፤ የላይ ጠርዝ ይታመቅና የታቹ አፉን ይከፍታል። ብረቷ ደግሞ ላይ ናት! በአንድ ጉርሻ ውስጥ ሁለቱም ሊፈራረቁ ይችላሉ። ይህን በሸንኮራ ማሳየት አይቻልም፣ በሕመምተኛም አፍ ላይ አይሞከርም። የቁራሽ አምሳያ የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

አሠራሩን በቅደም ተከተል ልንገርዎ፤ ቃላቱም አብረው ይመጣሉ። መጀመሪያ መንጋጋው በሲቲ ስካን ይነሳል። ስካኑ እንደ ዳቦ በስስ በስሱ የተቆረጠ ምስል ነው፤ ኮምፒውተሩ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ ምስሎቹን ይደራርብና ሙሉ ቅርጹን ያወጣል። በቅርጹ ላይ ስብራቱ ይሰነጠቃል፣ ብረቱና ብሎኖቹ ይሣላሉ። ቀጥሎ ሁሉም በቁራሽ ይከፋፈላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁራሾቹ አራት ፊት ያላቸው ጥቃቅን ፒራሚዶች ናቸው። በስክሪን ላይ ሲታይ መንጋጋው ዓሣ አጥማጅ መረብ የተጣለበት ይመስላል፤ ስለዚህ ክፍፍሉን «መረብ»፣ ቁራሾች የሚገናኙባቸውን ነጥቦች «ቋጠሮ» ማለት ይቻላል። እነዚህ ሁለቱ እንኳን ትርጉም አላስቸገሩም።

ለእያንዳንዱ ቁራሽ ከምን እንደተሠራ ይነገረዋል። ዋናው ቁጥር ግትርነት ነው፤ በኃይል ሲጫኑት ምን ያህል አልበገር ይላል? የቲታኒየም ግትርነት ወደ 110 ጊጋ ፓስካል ነው። ለጠንካራው የአጥንት ቅርፊት ብዙ ጊዜ ወደ 14 ጊጋ ፓስካል ይሰጠዋል፤ እንደ ስፖንጅ ለተበሳሳው ለውስጠኛው ከዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ። ብረቱ ከቅርፊቱ ስምንት እጥፍ ያህል ይገትራል ማለት ነው። ከዚያ ጡንቻዎቹ በየአቅጣጫቸው ይጎትታሉ፣ ጆሮ ሥር ያሉት መጋጠሚያዎች ይያዛሉ፣ አንድ ጥርስ ምግብ ነክሶ እንዲቆም ይደረጋል።

ስሌቱ በመሠረቱ የመኪና ሞላ ስሌት ነው፦ የገፋው ኃይል ከግትርነቱና ከተገፋው ርቀት ብዜት ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ ብዛቱ ነው። አንድ ቋጠሮ በሦስት አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። 100,000 ቋጠሮ ያለው መረብ 300,000 ያልታወቁ ቁጥሮች አሉት፣ እያንዳንዳቸውም ከጎረቤቶቻቸው ጋር የተያያዙ። በእጅ ቢሰላ ዕድሜ አይበቃም። ጠንቃቃ ባለሙያ አንዴ አስልቶ አያምንም፤ ቁራሾቹን ያሳንስና ደግሞ ያሰላል፣ መልሱ መለዋወጥ እስኪያቆም ድረስ። የበግ መንጋጋ ወይም የፕላስቲክ አጥንት ወስዶ፣ ሰብሮና አስሮ፣ በመጭመቂያ ማሽን እየተጫነም ከስሌቱ ጋር ያመሳክራል። እኔ እንዲህ ያለ ጥናት ሲገጥመኝ ቀድሜ የምፈልገው ይህን ማመሳከሪያ ነው። ከሌለው የቀለሙ ውበት አያታልለኝም።

ቀለሙ የሚያሳየው በፈረንጅ አፍ «ስትረስ» የሚሉትን ነው። ይህን ቃል ከተማው ሁሉ «ጭንቀት» አድርጎታል፤ አጥንት ግን ፈተና የለበትም፣ የቤት ኪራይም አይከፍልም። «ውስጣዊ ውጥረት» እንበለው፤ በአንድ ነጥብ ላይ ቁሱ በስፋቱ ልክ የሚሸከመው ኃይል ማለት ነው። ሰማያዊ ዝቅተኛውን፣ ቀይ ከፍተኛውን ያመለክታል። ከሥዕሉ ግን ሐኪሙ የሚፈልጋቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ብረቱ ከአቅሙ በላይ ተወጥሯል ወይ? ብሎኑ የተቀበረበት አጥንት ይደቅቅና ብሎኑ ይላቀቃል ወይ? ከሁሉ በላይ ደግሞ የስብራቱ ሁለት ከንፈሮች በየጉርሻው ምን ያህል ይላወሳሉ? ስዊዘርላንዳዊው ስቴፋን ፔረን እንዳስተማረው አዲስ አጥንት የሚሸከመው መለጠጥ 2 በመቶ ገደማ ነው። ክፍተቱ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን የሚፈቀደው ንቅናቄ የሚሊ ሜትር 2 መቶኛ መሆኑ ነው። ከዚያ ሲበዛ መጀመሪያ የሚሞላው ልፍስፍስ ሕብረ ሕዋስ እንጂ አጥንት አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ተጨማሪ ቃላት አስፈላጊ ናቸው። የስብራቱ ከንፈሮች ደህና ገጥመው አጥንቱም የድርሻውን ከያዘ ብረቱ «ጫና ተጋሪ» ነው፤ ስስ ትበቃለች። አጥንቱ ተንኮታኩቶ ወይም ጎድሎ ከሆነ ግን ሁሉን የሚይዘው ብረቱ ነው፤ «ጫና ተሸካሚ» ይሆናል፣ ወፍራምና ረጅም መሆን አለበት። በበበቃ ቡና እርሻ ጆንያ ሁለት ሆኖ ማንሳትና ለብቻ መሸከም እንደሚለያየው ነው። የተጋሪን ብረት የተሸካሚ ቦታ ላይ ማሰር ብረቱ እንዲሰበር ከሚያደርጉ ስህተቶች አንዱ ነው። አምሳያው ስህተቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፦ አጥንቱ ሰማያዊ፣ የብረቱ ወገብ ደም የመሰለ ቀይ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክርክር እንመለስ። በመንጋጋ ማዕዘን ላይ አንድ ወይስ ሁለት? አምሳያዎቹ በብዛት የሚሉት አንድ ነው፦ ሁለት ብረት፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች፣ ስብራቱን ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። የበግ መንጋጋ ሙከራውም ይህንኑ ይደግፋል። መሐንዲስ ከሆኑ ክርክሩ አለቀ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ኤድዋርድ ኤሊስና ባልደረቦቹ በዳላስ ያከሟቸውን ሰዎች ተከታትለው ሲያሳትሙ፣ ሁለት ብረት ከታሰረላቸው ይልቅ አንዲት ስስ ብረት የታሰረችላቸው ያነሰ ጣጣ ገጠማቸው። ያጠበቀው ተሸነፈ፣ ያላላው አሸነፈ።

ኮምፒውተሩ ዋሸ? አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መለሰ። የተጠየቀው «የቱ ይገትራል?» ተብሎ ነበር። ሁለተኛዋን ብረት ለማስገባት ሐኪሙ ሥጋውን ይበልጥ መግለጥ አለበት። የተገለጠ አጥንት የደም ሥር ያጣል፣ ቁስሉ ይሰፋል፣ በአፍ ውስጥ የሞላው ባክቴሪያም መግቢያ ያገኛል። ከመቶ ሺህ ቋጠሮዎች አንዱም ባክቴሪያ አያውቅም። የጥርሱ ንጽሕና፣ ሲጋራው፣ ከተሰበረ በስንተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ እንደደረሰ፣ እነዚህ በግትርነት ቁጥር አይጻፉም። «አምሳያ» የሚለው ቃል ያሻኝ ለዚህች ቦታ ነበር። ሌላም ምክንያት አለ፤ የተሰበረ ሰው እንደ ጤነኛ አይነክስም። ጤነኛ ጎልማሳ በመንጋጋ ጥርሱ ከ400 ኒውተን በላይ፣ በክብደት ሲመዘን 40 ኪሎ ያህል መንከስ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተሰበረው ሰው ጉልበት ከዚያ በጣም ያንሳል፤ ሕመሙ ራሱ ይገታዋል። አምሳያውን በጤነኛ ጉልበት ካስነከሱት፣ ማንም ለማይጎርሰው ጉርሻ ሁለተኛ ብረት ያሳዝዛል።

እኔ የምለው፣ የቁራሽ አምሳያ የሚጠቅመው ለሐኪሙ ትእዛዝ ሲሰጥ አይደለም። በሰው ላይ ሊሞከሩ የማይገባቸውን አማራጮች ቀድሞ ሲያጣራ ነው። አሥር ዓይነት አስተሳሰር በስሌት ተፈትኖ ስምንቱ ቢወድቁ፣ ስምንት ሰዎች መጥፎ ብረት ሳይገባላቸው ቀረ ማለት ነው። ይህ ለእኛ ከሌላው ይበልጥ ያስፈልጋል። ከቱም የተነሳ ሕመምተኛ መንገዱ በጀሙ አድርጎ ሚዛን አማን፣ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ከዚያ ካለፈ ጅማ፣ ከጅማም ካለፈ አዲስ አበባ የካቲት 12 ወይም ቅዱስ ጳውሎስ። ከሚዛን አዲስ አበባ ብቻ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዳላስ የላላ ብሎን ያለበት ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ይታያል። ቱም ያለው አንድ ላም ሸጦ መጥቶ ነበር፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሸጠው ላም አይኖረው ይሆናል። በአምሳያ ቋንቋ፣ የኛ ጥያቄ «የቱ ብረት ይገትራል?» ሳይሆን «የቱ አስተሳሰር ሐኪም ሳያየው ስድስት ሳምንት ይቆያል?» የሚል መሆን አለበት። ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ሌላ ሊሆን ይችላል።

ለመጠየቅም የውጭ ቤተ ሙከራ መለማመጥ ግድ አይደለም። የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባዮሜዲካል ምህንድስና ያስተምራሉ። እንደ አንሲስና አባከስ ያሉት ሶፍትዌሮች ፈቃዳቸው ውድ ቢሆንም፣ ስካን ወደ ቅርጽ የሚለውጠው ስሪዲ ስላይሰር፣ ስሌቱን የሚሠራው ካልኩሊክስ ያለ ክፍያ የሚወርዱ ናቸው። የሚጎድለው ምግቡ ነው። በመጽሔት የሚወጡት አምሳያዎች ጡንቻ ሲጎትት ያሳያሉ እንጂ የበቆሎ እሸት ሲጋጥ፣ ቆጮ ሲላመጥ፣ ጥሬ ሥጋ በጥርስ ተይዞ በቢላ ሲቆረጥ አያሳዩም። ሥጋው ጥርስ ላይ ተይዞ ሲሳብ መንጋጋው የሚሰማው ኃይል ወደ ፊትና ወደ ጎን ነው፤ ይህን አቅጣጫ ማንም ፈረንጅ መሐንዲስ ቁጥር ውስጥ ለማስገባት ምክንያት የለውም።

አጠቃቀሙን ላሳይ፦ «ብረቱ በቁራሽ አምሳያ ተፈተነ»፤ «የአምሳያው መረብ ብሎኖቹ አጠገብ ይጠብቃል»፤ «በስብራቱ ቋጠሮዎች ላይ የታየው ንቅናቄ ከፍተኛ ነው»። በሐኪምና በመሐንዲስ መካከል እንዲህ ተብሎ ሲነገር ማንም ግራ አይጋባም ብዬ እገምታለሁ።

ሕመምተኛው ግን ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው አንድ መስመር ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ «ለስድስት ሳምንት ጠንካራ ነገር እንዳታኝክ» ይባላል። ያቺ ቃል በአምሳያው ውስጥ ቁጥር ናት፤ ጥርሱ ላይ ያረፈው ጫና እዚህ ድረስ ነው ተብሎ የተጻፈ። ስስ ብረቷ ትበቃለች የተባለው በዚያ ቁጥር ላይ ተቆሞ ነው። ቱም ደርሶ ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ሲፈላ፣ የቡና ቁርሱ የተቆላ በቆሎ ሆኖ በሰፌድ ይዞራል። «እስቲ ትንሽ ቅመስ» ይሉታል። እሱ ስኒውን ብቻ ይቀበላል።